ሁለቱ ዘረፋዎች
(ስለ እጅ ሥራ ካርድ፣ ስለ መቅዳትና ስለ አንድ የተሳሳተ ሂስ)

በዚህች መጽሔት ባለፈው እትም በምረቃ ሰሞን ግቢያችን ውስጥ ስለሚሸጡት የእጅ ሥራ ካርዶች አንድ አጭር ሂስ ጽፌ ነበር። ከካርዶቹም አንዱን መርጬ «ከሁሉ የላቀና ድፍረት የተሞላበት ሥራ» ብዬ አሞገስኩት። ተሳስቻለሁ። ስህተቴ የጣዕም ስህተት ቢሆን ኖሮ ዝም ብል አያስወቅሰኝም ነበር፤ በጣዕም ሰው ከሰው ይለያያል። የእኔ ስህተት ግን የንባብ ስህተት ነው። ቅጂውን አሞገስኩ፤ የተቀዳበትን ካርድ ደግሞ እዚያው አጠገቡ ተዘርግቶ እያየሁት «ይህም መልካም ነው» ብዬ በአንድ ዓረፍተ ነገር አለፍኩት። ሙገሳዬም ወረቀት ላይ አልቀረም። ገዢው ጽሑፉን አንብቦ ወደ ቅጂው ሄደ፤ የዋናው ካርድ ባለቤት ሥራዋን ሳትሸጥ ሰብስባ ወደ ማደሪያዋ ተመለሰች።

እንግዲህ ይህ ጽሑፍ ግማሹ ሂስ፣ ግማሹ ግለሂስ ነው። የእኔ ንስሐ ብቻ ቢሆን ኖሮ የአንባቢን ጊዜ አልሻማም ነበር። ጥያቄው ግን ከእኔ ይሰፋል። የሌላውን ሰው የእጅ ሥራ አይቶ የራስ ማድረግ መቼ ነው መማር የሚሆነው? መቼስ ነው ሌብነት የሚሆነው? ግጥም ለሚጽፈውም፣ ተውኔት ለሚያዘጋጀውም፣ ካርድ ለሚቆርጠውም ጥያቄው ያው አንድ ነው።

ከካርዶቹ ልጀምር።

የመጀመሪያዋ ልጅ ካርድ ከእጅ መዳፍ ብዙም የማይበልጥ፣ ለሁለት የታጠፈ ወፍራም ወረቀት ነው። ፊቱ ላይ አንዲት እናት ጀርባዋን ሰጥታን ቆማለች። ቀሚሷ ከደረቀ የሙዝ ቅጠል ተቆርጦ የተለጠፈ ነው፤ የቅጠሉ ጅማት ወደ ታች ስለሚወርድ የቀሚስ ሽንሽን ይመስላል። ነጠላዋ ስስ ነጭ ወረቀት ነው። ጥለቱ ግን አልተሣለም፤ በእውነተኛ ክር፣ በመርፌ፣ ወረቀቱ እየተወጋ የተሰፋ ነው። ሰማያዊና ወርቅማ ሆኖ ከግርጌ በኩል፣ ወደ ታች ተዘርግቷል። የነጠላው አንድ ጎን አልተለጠፈም። በጣት ጫፍ ከፍ ሲያደርጉት ከሥሩ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል፣ የተጣጠፈች ጥቁር ጋውን ትታያለች። ካርዱን ሲከፍቱት ውስጡ ባዶ ነው። «እንኳን ደስ ያለህ» የሚል እንኳ የለበትም። እናቲቱ የልጇን ጋውን በነጠላዋ ሥር ይዛ መጥታለች። ወይም ደግሞ ያን ሁሉ ዓመት እዚያው ይዛው ነበር። የቱ እንደሆነ ካርዱ አይናገርም፤ የሚቀበለው ሰው ያውቀዋል።

ሁለተኛው ካርድ ይህንኑ እናት ይዟል። አቋቋሟ ያው ነው፤ ቀሚሷም ያው የሙዝ ቅጠል ነው። ነገር ግን ነጠላው እንዳለ ተለጥፏል፤ የሚነሳ ጎን የለውም። ጋውኑ ከነጠላው ሥር ወጥቶ በትልቁ ጎኗ ላይ ተንጠልጥሏል። ከላይ በወርቅማ ቀለም «እንኳን ደስ ያለህ» ተብሏል። ጥለቱ በክር መሰፋቱ ቀርቶ በማርከር ተሠምሯል፤ ቦታውም ተቀይሮ ከግርጌ ወደ ላይ፣ ወደ አንገቷ ወጥቷል። እኔ ታዲያ ባለፈው እትም ምን አልኩ? «ሠዓሊው ጥለቱን ወደ አንገቷ በማቅረቡ ለእናቲቱ ብርሃን ሰጣት፤ ባህላዊውን አቀማመጥ የጣሰ ድፍረት ነው» አልኩ። ቃል በቃል እንዲህ ነው የጻፍኩት። አሁን ሳነበው ጆሮዬ ይግላል።

በእኛ አገር ነጠላ ዝም ብሎ ልብስ አይደለም፤ አለባበሱ ይናገራል። ቤተ ክርስቲያን የሚሄድ ሰው መስቀለኛ ያጣፋዋል። ሐዘን የደረሰባት ሴት ደግሞ አዘቅዝቃ ትለብሰዋለች፤ ያን ጊዜ ጥለቱ ወደ ላይ፣ ወደ አንገቷ ይዞራል። መንገድ ላይ እንዲህ የለበሰች ሴት ያየ ሰው ቤቷ ምን እንደደረሰ ሳይጠይቅ ያውቃል። ይህን ለማወቅ ዩኒቨርሲቲ መግባት አያስፈልግም፤ ለቅሶ ቤት አንድ ቀን መቀመጥ ይበቃል። እኔም ተቀምጫለሁ። ግን ሂስ ልጽፍ ብዕር ሳነሳ የማውቀውን ከደጅ ትቼ «ቅርጽ»፣ «ይዘት»፣ «ድፍረት» የሚሉ ቃላት ብቻ ይዤ ገባሁ። ሁለተኛው ካርድ ሰሪ ሳያውቅ የምረቃ ካርድን የመርዶ ካርድ አደረገው። እኔ ደግሞ ያላወቀውን ድፍረት ብዬ ስም አወጣሁለት።

መጽሔቷ በወጣች በሦስተኛው ቀን የመጀመሪያዋ ልጅ ቤተ መጻሕፍቱ ደረጃ ላይ አገኘችኝ። አልተቆጣችም። ቢሆንም አነጋገሯ ከቁጣ የባሰ ነበር።

«አንተ ነህ የጻፍከው?»

«አዎ።»

«ነጠላውን ከፍተኸዋል?»

«የቱን ነጠላ?»

«የኔን ካርድ ነዋ። ነጠላውን አንስተህ አይተኸዋል ወይ?»

አላነሳሁትም ነበር። የሚነሳ መሆኑንም አላወቅኩም። ከላይ አይቼ፣ ቀለሙን ከጎረቤቱ ጋር አወዳድሬ ሄድኩ። ዝም ስል ገባት።

«እኔ እኮ መቅዳቱ አይደለም የከፋኝ» አለችኝ። «ይቅዳ። ግን እናቴን ለቅሶ አስቀመጣት። አንተ ደግሞ ቆመህ አጨበጨብክ።»

ይህን ብላ ሄደች። ከዚያ በኋላ በዚያ ሰሞን ካርድ ስትሸጥ አላየኋትም። ክሩን፣ ወረቀቱን፣ ማጣበቂያውን የገዛችው ከምግቧ ቀንሳ መሆኑን ከጓደኞቿ የሰማሁት በኋላ ነው። አንዱን ጥለት ሰፍቶ ለመጨረስ አንድ ሙሉ ምሽት ይፈጃል። ማርከር ደቂቃም አይፈጅም፤ ስለዚህ ሁለተኛው ካርድ በግማሽ ዋጋ ይሸጥ ነበር።

ፍርድ ከመስጠቴ በፊት ሁለተኛውንም ልጅ ማነጋገር ነበረብኝ፤ አነጋገርኩት። ክፉ ልጅ አይደለም። እሱም እንደ እሷ ከቤት ብር የሚላክለት አይደለም። መቅዳቱን አልካደም።

«ወንድሜ፣ እንቁጣጣሽ ላይ መልአክ ስንስል ማንን አስፈቅደን ነበር?» አለኝ።

ይህ ጥያቄ በቀላሉ የሚመለስ አይደለም። ለመሆኑ ማንን አስፈቅደን ነበር? የእጅ ሥራ ካርድ በአገራችን ከየት ጀመረ ቢባል እኔ የምጠራው የነሐሴ መጨረሻን ነው። ሴቶቹ ለአበባየሆሽ ከበሮ ሲያዘጋጁ እኛ ወንዶቹ መሬት ላይ ተደፍተን እንስላለን። መልአክ፣ ፀሐይ፣ አደይ አበባ፣ ፈረስ ላይ ያለ ጊዮርጊስ። መስከረም 1 ማለዳ በየቤቱ እየዞርን ሥዕሉን ሰጥተን ሳንቲም እንቀበላለን። ታዲያ ከመካከላችን መልአክ ፈጥሮ የሣለ ማን ነው? ማንም። እኔ ከታላቅ ወንድሜ ቀዳሁ፤ ወንድሜ ከጎረቤት ልጅ፤ የጎረቤቱ ልጅ አልጋው ራስጌ ላይ ከተሰቀለው ሥዕል።

አቀዳዳችንም የታወቀ ነው። ካርቦን ወረቀት ያለው በካርቦን፤ የሌለው በመስኮት መስተዋት ላይ ለጥፎ በፀሐይ ብርሃን ይከተላል። አንድ ዓመት ወንድሜ ዋናውን ሥዕል መስተዋቱ ላይ ገልብጦ ለጠፈውና ሚካኤል ሰይፉን በግራ እጁ ያዘ። እኔም ከእሱ ቀዳሁ፤ ሌሎቹም ከእኔ። በሰፈራችን ለጥቂት ዓመታት መልአኩ ሁሉ ግራ እጁን የሚጠቀም ሆነ። አንዲት እናት ሥዕሌን ተቀብለው መነጽራቸውን አስተካክለው አዩትና «የኔ ልጅ፣ ሚካኤል ሰይፉን በግራው ያዘው እንዴ?» አሉኝ። ሳንቲሙን ግን ሰጡኝ። ዛሬ ፎቶ ኮፒ የተደረገ መልአክ ተገዝቶ ቀለም ብቻ ሲቀባ ሳይ ያ ግራኝ ሚካኤል ይናፍቀኛል። ስህተቱ የእጅ ስህተት ነበር፤ የማን እጅ እንደሆነም እናውቀዋለን።

ስለዚህ ለሁለተኛው ልጅ የምሰጠው መልስ «መቅዳት ነውር ነው» የሚል ሊሆን አይችልም። ይህን ብል መጀመሪያ የማወግዘው ራሴን ነው። መልሴ ሌላ ነው። እንቁጣጣሽ ላይ ሰው ሳንቲም የሚሰጠው ለንድፉ አይደለም፤ ለልጁ ፊት ነው፤ «እንኳን አደረሳችሁ» ለማለት ለመጣው እግር ነው። መልአኩ የሰፈሩ ነው፤ ከእኔ ቢቀዳ ከእኔ ላይ የሚጎድል ነገር የለም። የምረቃ ካርድ የሚገዛ ሰው ግን የሚከፍለው ለሐሳቡና ለልፋቱ ነው። በነጠላ ሥር የተደበቀችውን ጋውን ያሰበች አንዲት ልጅ አለች። እሷ ሐሳቡን አምጣ፣ ክሩን ሰፍታ፣ ሌላው በግማሽ ዋጋ እዚያው አጠገቧ ሲሸጠው የሚጎድል ነገር አለ፤ እራቷ ነው የሚጎድለው። ሰፈር ውስጥ መቀባበልና ገበያ ላይ መንጠቅ አንድ አይደሉም።

ይህ ግን የጥያቄው ግማሽ ብቻ ነው። ስለ ገንዘቡ እንጂ ስለ ሥራው ገና አልተናገርንም። ልጁ ካርዱን በነፃ ቢያድለውም ኖሮ ካርዱ የወደቀ ነበር። ለምን? ለዚህ ወደ ቀደሙት ሠዓሊዎቻችን እንመለስ።

በሮም ሳንታ ማሪያ ማጆሬ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ፣ በትውፊት ወንጌላዊው ሉቃስ ሣለው የሚባል የእመቤታችን ሥዕል አለ። ኢየሱሳውያን ሚሲዮናውያን ከ16ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ አንሥቶ የዚህን ሥዕል ቅጂ በየሄዱበት ይዘው ዞሩ፤ ወደ አገራችንም ገባ። ሚሲዮናውያኑ በአፄ ፋሲል ዘመን ከአገር ተባረሩ። ሥዕሉ ግን ቀረ። ሠዓሊዎቻችን ደጋግመው ሣሉት፤ የጎንደር ዘመን ሥዕል ያየ ሁሉ ያውቀዋል። እጆቿን አጣምራ ልጇን ታቅፋለች፤ የቀኝ እጇ ሁለት ጣቶች ተዘርግተዋል፤ በግራ እጇ መሐረብ ይዛለች። እነዚህ ሁሉ ከሮሙ የመጡ ናቸው። ግራና ቀኝ ሰይፍ ይዘው የቆሙት ሚካኤልና ገብርኤል ግን ከሮሙ ሥዕል ላይ የሉም። የሠዓሊዎቻችን ናቸው፤ ከዚያ በፊት በ15ኛው መቶ ዓመት፣ በአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ጊዜ የነበረው ፍሬ ጽዮን ሲስል እመቤታችንን በመላእክት መካከል ያስቀምጣት ነበር። እንግዳው ሥዕል ሲመጣ ባለቤቶቹ እንደ እንግዳ ተቀበሉት፤ ግን በቤታቸው ሥርዓት ነው ያስቀመጡት።

እዚህ ላይ አንባቢ አንድ ነገር ያስተውልልኝ። መሐረቡን አልጣሉትም። ጣቶቹንም አላጠፏቸውም። ነገሩ ትርጉም እንዳለው ስለጠረጠሩ ጠበቁት። የጨመሩት ደግሞ የሚያውቁትን ነው። ስለዚህ ማዛመድ ማለት ያየኸውን ለይተህ ማወቅ ነው፤ የትኛው የሥራው አጥንት እንደሆነ፣ የትኛው ልብሱ እንደሆነ። የእኛ ሁለተኛ ልጅ አጥንቱን፣ ማለትም የሚነሳውን ነጠላ፣ ለጥፎ ዘጋው፤ ልብሱን ይዞ ቀረ። ጥለቱን ያንቀሳቀሰው ደግሞ ምን እንደሚናገር ሳይጠይቅ ነው።

ይህ የእኛ ብቻ ጉዳይ እንዳይመስል ከሩቅ አገር አንድ ምሳሌ ልጨምር፤ እሱም የካርድ ታሪክ ነው። በአሜሪካ፣ በማሳቹሴትስ ግዛት፣ ዉስተር በምትባል ከተማ አስቴር ሀውላንድ የምትባል ወጣት ነበረች። አባቷ የጽሕፈት መሣሪያ ነጋዴ ነው። እ.ኤ.አ. በ1847 ትምህርቷን እንደጨረሰች አካባቢ አንድ በዳንቴል ወረቀት ያጌጠ የእንግሊዝ የፍቅረኞች ቀን ካርድ ደረሳት። አየችውና «ይህን እኔም እሠራዋለሁ» አለች። ወንድሟ ለአባቱ ንግድ ሲወጣ ናሙናዎቹን ይዞላት ሄደ። እንደሚነገረው የ200 ዶላር ትእዛዝ ብታገኝ ደስታዋ ነበር፤ ወንድሟ ከ5,000 ዶላር በላይ ትእዛዝ ይዞ ተመለሰ። ጓደኞቿን ሰብስባ ረጅም ጠረጴዛ ዘርግታ አንዷ ስትቆርጥ፣ አንዷ ስትለጥፍ፣ አንዷ ስታቀናጅ ካርዱን ማምረት ጀመረች።

ሀውላንድ ቀዳች ወይስ ፈጠረች? ሁለቱንም አድርጋለች። ዳንቴሉ የእንግሊዞች ነው። እሷ ግን ካርዱን ያየችው እንደ ሥዕል አይደለም፤ እንዴት እንደተገጣጠመ ነው ያየችው። ከነጩ ዳንቴል ሥር ትንሽ ባለቀለም ወረቀት አስገብታ የዳንቴሉ ቀዳዳዎች ጎልተው እንዲታዩ አደረገች። ወረቀቱን በድርብርብ እየሠራች፣ የሚነሳ ክፍል እያበጀች፣ የሚያነበው ሰው በጣቱ ገልጦ እንዲያገኝ አደረገች። የተቀበለችው መልስ ሳይሆን ጥያቄ ነበር ማለት ነው፤ «ወረቀት በወረቀት ላይ ሲሆን ምን ይሆናል?» የሚል ጥያቄ። ሆኖም አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። በካርዶቿ ጀርባ የስሟ መጀመሪያ የሆነው ፊደል ታትሞ ይገኛል። ጠረጴዛው ዙሪያ ተቀምጠው የቆረጡትና የለጠፉት ሴቶች ስም ግን እዚያ የለም። ከእንግሊዙ ሠሪ ስም ጋር አብሮ ቀርቷል። ከሌላ መውሰድን በሚገባ ያወቀችበት ሴት የወሰደችበትን መጥራት አልለመደችም።

መጥራት የሚለውን ቃል ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። የቲያትር ሰዎቻችን ለዚህ ነገር ከማንም የተሻለ ቃል አላቸው፤ ውርስ ትርጉም ይሉታል። መንግሥቱ ለማ «ጠያቂ»ን ከእንግሊዛዊው ጄ. ቢ. ፕሪስትሊ ተውኔት ሲያመጣ እንዲሁ በቀጥታ መተርጎም አልበቃውም፤ አወረሰው። ቃሉን ልብ እንበል፤ ውርስ ነው የተባለው። ወራሽ ምን ያደርጋል? ንብረቱን ይረከባል፤ ቤቱን ያድሳል፤ ግድግዳ ያፈርሳል፤ ክፍል ይጨምራል። ማንም ለምን አይለውም። ነገር ግን ወራሽ «ይህ ቤት የማን ነበር?» ተብሎ ሲጠየቅ ስም ይጠራል። ስም መጥራት ያልቻለ ወራሽ ፍርድ ቤት ቀርቶ በሰፈር ሽማግሌ ፊትም ወራሽነቱ አይጸናለትም።

ከዚህም የሚብስ ቃል ቅኔ ቤቶቻችን አላቸው። ቅኔ ሲፈጠር «ቅኔ ተዘረፈ» ይባላል። መንገድ ላይ ንብረት ሲወሰድም «ተዘረፈ» ይባላል። ያው አንድ ቃል ነው። የቅኔ ተማሪ መጀመሪያ የመምህሩን ቅኔ ይሰማል፤ ይፈታል፤ ሰሙንና ወርቁን፣ አገባቡንና ዜማ ልኩን ይለያል። ከዚያ ከጉባኤ ቃና ጀምሮ ለብቻው ተቀምጦ የራሱን ይቆጥራል፤ ለመምህሩ ይነግራል፤ ይታረማል። ስልቱ፣ ልኩ፣ መንገዱ ሁሉ የሌሎች ነው፤ አንዱንም እሱ አልፈጠረውም። በመጨረሻ ቆሞ ሲዘርፍ ግን ትናንት ሌላ ሰው የተቀኘውን እንደ አዲስ ቢያመጣ ጉባኤው ያውቅበታል፤ ያፍራል። ልኩን ውሰድ፣ ቅኔውን ተው ነው ነገሩ። ልኩን ወስዶ አዲስ ነገር ይዞ የሚመጣው አንደኛው ዘራፊ ነው፤ ቅኔውን ይዞ የሚሄደው ደግሞ ሌላኛው። አማርኛ ሁለቱን በአንድ ቃል የሚጠራቸው ድንበሩ ቀጭን መሆኑን ስለሚያውቅ ይመስለኛል።

ሕጉስ ምን ይላል የሚል አይጠፋም። በአገራችን ስለ ቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ የወጣው አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሐሳብን ለብቻው አይጠብቅም፤ ሐሳቡ የተገለጸበትን ሥራ ይጠብቃል። ሥራውን አዛምዶ ወይም ለውጦ የማቅረብን መብትም ለሠሪው ይሰጣል። በዚህ መሠረት «ጋውን የያዘች እናት» የሚለው ሐሳብ የማንም ነው፤ ያቺው እናት፣ በያዘችው አቋቋምና በዚያው የቅጠል አቆራረጥ፣ ግን የማንም አይደለችም። ይሁንና ለአንዲት ካርድ ፍርድ ቤት የሚሄድ ተማሪ የለም። ስለዚህ የእኛ ዳኛ እርስ በርሳችን ነን። ኃያሲ የሚባል ሰው ካለ ደግሞ እሱ ነው። ለዚህ ነው ስህተቴ የከበደኝ።

መልካም መዛመድ በግቢያችን አልታየም ብዬ አልደመድምም፤ ታይቷል። ሰሞኑ ሊያልቅ ሲል አንድ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ለአያቱ የሠራውን ካርድ አሳየኝ። የሚሸጥ አይደለም፤ አንድ ብቻ ነው። ያሳደጉት አያቱ ናቸው። የመጀመሪያዋን ልጅ ካርድ አይቶ ወደደውና ሄዶ ጠየቃት፤ «አድርገው» አለችው። እናቲቱን በአያቱ ሲተካ ግን ችግር ገጠመው። ሽማግሌው ጋቢ ነው የሚለብሱት፤ የጋቢ ውበቱ ጥለቱ አይደለም። በክር የሚሰፋ ነገር አጣ። ታዲያ ምን አደረገ? ጋቢ አራት እጥፍ ነው። እሱም ስስ ወረቀት አራት ጊዜ ደርቦ ጫፍ ጫፉን ብቻ አጣበቀው። ካርዱን በእጅ ስትይዘው ትከሻው ላይ ወፈር ይላል፤ ሙቀት ያለው ይመስላል። ጋቢውን ስትገልጥ የምታገኘው ጋውን አይደለም፤ አንድ ደብተርና እርሳስ ነው፤ አያቱ የገዙለት የመጀመሪያ ደብተር።

ካርዱ እንከን የለሽ አይደለም። የሽማግሌው እግር አጥሯል፤ ዱላቸውም መሬት አይነካም። ግን የራሱ ካርድ ነው። ከእሷ የወሰደው «የሚወደው ሰው ልብስ ሥር ነገር ይደበቃል» የሚለውን ልክ ነው፤ ቅኔውን ራሱ ተቀኘው። ጀርባውን ስገለብጠው በእርሳስ፣ በደቃቅ ጽሕፈት፣ ከማን እንደተማረው ከነስሟ ጽፎታል። ስሟን እዚህ የማላወጣው ፈቃዷን ስላልጠየቅኩ ነው፤ ሁለተኛ ሳልጠይቅ ስለ እሷ አልጽፍም።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ የያዝኩት ትምህርት አጭር ነው። የሌላ ሰው ካርድ ወዶ የራሱ ሊያደርግ የተነሳ ሰው ሦስት ነገር ራሱን ይጠይቅ። አንደኛ፣ ይህ ነገር ለምን እዚህ ቦታ ተቀመጠ? መልሱን ሳያገኝ አያንቀሳቅሰው። ሁለተኛ፣ እኔ የምሰጠው ሰው ማን ነው፣ ስለ እሱስ ብዬ ምን መለወጥ አለብኝ? የሚለወጥ ነገር ካላገኘ እየቀዳ መሆኑን ይወቅ፤ ለልምምድ ይሁን፣ መሸጫ አያድርገው። ሦስተኛ፣ ባለቤቷ አጠገቤ ቆማ ብታየኝ ስሟን ጮክ ብዬ እጠራለሁ ወይ? ይህን የሚያፍር ከሆነ ወራሽ አይደለም።

ለኃያሲ ደግሞ ጥያቄው አንድ ነው፤ ከፍተኸዋል ወይ? እኛ የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች መጽሐፍ ሳያነቡ መተቸትን እንኮንናለን፤ ካርድ ሲሆን ግን «ካርድ እኮ ነው» እንላለን። ካርድ ነው፤ አዎ። አንዲት ልጅ አንድ ምሽት ሙሉ በመርፌ የሰፋችው ካርድ ነው። ለአንድ ሰው የተሠራ፣ አንድ ሰው በእጁ ይዞ የሚያነበው፣ ከዚያ በመጽሐፍ መካከል ተቀምጦ ዓመታት የሚኖር ሥራ ነው። ከዚህ የበለጠ ትኩረት የሚገባው ግጥም ስንት አለን?

ለሁለተኛው ልጅ ይህን ጽሑፍ ሳይወጣ አስነብቤዋለሁ። ስለ ጥለቱ የጻፍኩትን ሲያነብ ቆየት አለና «እናቴ ብታየው ትደነግጥ ነበር» አለ። ስለ ዋጋው የጻፍኩትን አልተቀበለውም፤ በሚቀጥለው እትም መልስ እጽፋለሁ ብሏል፤ ይጻፍ። ለመጀመሪያዋ ልጅም አስነብቤያታለሁ። ቆማ እስከ መጨረሻው አነበበችው። ይቅርታ አድርጌልሃለሁም አላለችኝ፤ አላደርግምም አላለችኝ። አንድ እርማት ብቻ ሰጠችኝ፤ ጥለቱ ሰማያዊ ሳይሆን ውኃ ሰማያዊ ነው አለች። በዚህ መሠረት ታርሞ ይነበብልኝ።